ጅራት ያለው ግስ

የዚያ አገር ስም አይነገርም። ተረቱን የሚያወራው ሰው ስሙን መጥራት ፈርቶ እንዳይመስላችሁ። አገሩ ሁሉን ነገር በችኮላ መጨረስ ከለመደ ወዲህ የራሱን ስም ግማሹን እየዋጠ ሲጠራ ኖሮ፣ ዛሬ ሙሉ ስሙን የሚያስታውስ ሰው ጠፍቶ ነው።

ነገሩ የጀመረው ንጉሡ ወደ ጎረቤት አገር ለጉብኝት የሄዱ ጊዜ ነው። የጎረቤቱ ንጉሥ እንግዳቸውን በየሰፈሩ እያዞሩ ሸማኔውን፣ አናጢውን፣ ሸክላ ሠሪዋን አስጎበኟቸው። እዚያ አገር ዕቃ እንደ ጉድ ይመረታል። ንጉሡ በቅናት ምግብ አልወርድ አላቸው፤ አስተርጓሚያቸውን ወደ ጥግ ጠርተው፣ "እነዚህ ሰዎች ምን ቢያደርጉ ነው?" ሲሉ ጠየቁት። አስተርጓሚው ቋንቋ እንጂ ሥራ የማያውቅ ሰው ነበርና በሚያውቀው መለሰ።

"ጌታዬ፣ የእነሱ ግስ ጅራት አለው" አላቸው። "እኛ 'ሸመነ' ብለን እዚያው ላይ እንቆማለን። እነሱ ግን ሥራው ፈጣንም ብዙም ሲሆን ከግሱ ኋላ አንዲት ትንሽ ቃል ያንጠለጥላሉ። 'ሸመነ ወደ ውጭ' ይላሉ። ደግሞ 'ወደ ላይ' የምትል ሌላ ጅራት አለቻቸው።"

"ወደ ውጭ ወዴት?"

"ወዴትም አይደለም ጌታዬ። እንዲሁ ያንጠለጥሏታል።"

ንጉሡ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው በራ። ለካ ምስጢሩ ይህ ኖሯል። ለካ አገራቸው ድሃ ሆና የኖረችው በጅራት እጦት ነው። የጎረቤቱ ሸማኔ ጎህ ሳይቀድ እንደሚነሣ፣ ልጁንም ከጎኑ አስቀምጦ ዓመት ሙሉ ክር መወጠር ብቻ እንደሚያስተምር ማንም አልነገራቸውም። እሳቸውም አልጠየቁም።

አገራቸው እንደተመለሱ ሳይውል ሳያድር ሊቀ ግስ ሾሙ። የተሾመው አለቃ ይባቤ ነው። ይባቤ ዕድሜውን ሙሉ የግስ እርባታ ሲያስተምር የኖረ፣ "እርባታ ምን ያበላል?" እየተባለ ሲሾፍበት ፀጉሩ የሸበተ ሰው ነበር። ባንድ ቀን በቅሎ ተሰጠው፣ ቆርቆሮ ቤት ተሰጠው፣ ሲያልፍ ሰው ከመቀመጫው የሚነሣለት ሆነ። እውነቱን እንናገር ከተባለ ሹመቱ ዓይኑን ጋረደው። ደግሞስ በማን ይፈረዳል? ስንት ዘመን የተናቀ ሰው ባንድ ጊዜ ሲከበር ክብሩ ከየት እንደመጣ አይመረምርም።

የመጀመሪያው አዋጅ በከበሮ ተነገረ። ማንም ሰው የሥራ ግስ በተናገረ ቁጥር "ወደ ውጭ" የምትለውን ጅራት ያስከትል፤ ሲያስከትልም ቀኝ እጁን ወደ በሩ ይዘርጋ። ጅራት የሌለው ሥራ እንዳልተሠራ ይቆጠራል። ግሱን ተናግሮ ጅራቱን የተወ ሰው "ጅራት ቆራጭ" ይባላል፤ ይያዛል። ይህንንም የሚቆጣጠሩ ጅራት ጠባቂዎች ተሾሙ። ጆሯቸው ተፈትኖ የተመረጡ ናቸው። በእጃቸው የፈረስ ጭራ ይዘው በየደጃፉ እየዞሩ፣ "ምን ወደ ውጭ?" ብለው ይጠይቃሉ። ሰላምታውም ከዚያ ወዲህ ይኸው ሆነ። ጎረቤት ከጎረቤቱ ሲገናኝ "እንዴት አደርክ" ማለት ቀርቶ "ምን ወደ ውጭ?" ይባባል ጀመር።

ሕዝቡ ግን የዋህ ነው። ወደ ውጭ ከተባለ ወደ ውጭ ነው። ይባቤ ጅራቱ ለአፍ ብቻ እንደሆነ እያወቀ ይህን ለማስረዳት አልደከመም፤ ሰዉም ቃሉን ቃል በቃል ያዘው። ሸማኔው ጋቢውን ጥለት ሳያስገባለት ከደጃፉ አውጥቶ ጣለ። ሸክላ ሠሪዋ ገንቦዎቿን እሳት ሳይነካቸው ወደ መንገድ አወጣቻቸው፤ ዝናብ ሲመጣ ተመልሰው ጭቃ ሆኑ። የዜማ መምህሩ ተማሪዎቹን ፊደል ሳይለዩ በበሩ አስወጥቶ "አስተማርኩ ወደ ውጭ" አለ፤ እነሱም በነጋታው መምህራን ሆኑ። መንገዱ ሁሉ በዕቃ ክምር ተዘጋ። ንጉሡ ከሰገነታቸው ሆነው ክምሩን ሲያዩ የደስታ እንባ ተናነቃቸው።

አንድ ቀን ክምሩን ቀርበው ሊጎበኙ ወረዱና አንድ ወንበር ደስ ብሏቸው ተቀመጡበት። ወንበሩ እግሩ ሦስት ነበር፤ አናጢው አራተኛውን ለመግጠም ጊዜ አላገኘም። ንጉሡ ከነዘውዳቸው ተንከባለሉ።

"ተሰበረ እንዴ?" አሉ ከመሬት ሆነው።

አናጢው እጁን ወደ በሩ ዘርግቶ፣ "ተሰበረ ወደ ውጭ፣ ጌታዬ" አለ።

"እሰይ" አሉ ንጉሡ አቧራቸውን እያራገፉ። "መሰበሩም ፈጠነልን ማለት ነው።" አናጢውንም የብር ሐብል ሸለሙት። ይባቤ ከኋላ ቆሞ ይህን ሁሉ አየ፤ ግን በቅሎው ከበሩ ላይ ተጭና ትጠብቀው ነበርና ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ሄደ።

ይባቤ አባትና እናቱን በልጅነቱ ያጣ ሰው ነው። ያሳደገችው ታላቅ እህቱ አንጓች ናት። ጥጥ ፈትላ፣ የፈተለችውን ሸጣ ነው ያስተማረችው። ከተሾመ ወዲህ ሊጠይቃት ሲሄድ ቤቷን በብናኝ ጥጥ ታፍኖ አገኘው። የሚያመጡላት ጥጥ በችኮላ የተለቀመና በችኮላ የተነደፈ፣ ፍሬውና አፈሩ ያልወጣለት ነው። እንዝርቷን ባሾረች ቁጥር ብናኙ ይነሣል፤ ሳሉም አብሮ ይነሣባታል።

"ይባቤ፣ ይህቺ ጅራትህ ትንፋሼን ጨረሰችው" አለችው።

"ባንድ ትንፋሽ የምትባል ናት እኮ እትዬ። ፈተልኩ ወደ ውጭ። አየሽ? አለቀ።"

"ላንተ አለቀ። እኔ 'ፈተልኩ' ስል ሳሉ ይመጣል። ሳሉ እስኪያልፍልኝ ጠባቂው ቆሞ አይጠብቀኝም።"

"የሊቀ ግስን እህት ማን ይነካል ብለሽ ነው?"

አንጓች እጇን ሰድዳ የለበሰውን ጋቢ ዳር ዳሩን ዳሰሰችው። "ይህን የፈተልኩልህ ክረምቱ ገብቶ እስኪወጣ ድረስ ነው" አለችው። "ሸማኔው አድርሶ ሲያመጣው ምን እንዳልኩህ ትዝ ይልሃል? 'ጋቢ ሠራሁልህ' ነው ያልኩህ። ሠራሁልህ ብቻ።"

"ቀስ በይ እትዬ" አለ ይባቤ ወደ በሩ እየተገላመጠ። "ሰው ይሰማል።"

ዞር ብላ አየችው። የምታየውም ወንድሟ የሷን አፍ ሲፈራ ነው። እንዝርቷን አነሣች፤ እሱም ሥራ አለብኝ ብሎ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ባንዱ ቀን፣ ይባቤ ምሳ ቀርቦለት አጥንት እየጋጠ ሳለ የዳኞቹ አለቃ ምንውየለት መጣ። ፊቱ ጠቁሯል።

"አለቃ፣ እኛ ብቻ ቀረን" አለ። "ለሸማኔው ሥራው ይታይለታል፤ ለሸክላ ሠሪዋም እንዲሁ። ፍርድ ግን ከደጃፍ የሚከመር ነገር አይደለም። ንጉሡ 'ዳኞቼ ሥራ ፈት ሆኑ' ብለዋል አሉ። አንድ ጅራት ይስጡን።"

"'ፈረድኩ ወደ ውጭ' በላ።"

"እንዲያ ካልንማ እስረኛው ሁሉ ወደ ውጭ ሊወጣ ነው እኮ፣ አለቃ።"

ይባቤ ሳቀ። ነገሩ እውነት ነው። ከአጥንቱ ላይ የቀረችውን ሥጋ በጥርሱ እየፈለገ ጥቂት አሰበ፤ ጥቂት ማለት ሥጋይቱ እስክትለቅ ድረስ ነው። "ሌላ ጅራት ነበረችን" አለ። "'ወደ ላይ' የምትለዋ። ለማንም አልሰጠኋትም። እሷን ውሰዱ።"

"ፈረድኩ ወደ ላይ" አለ ምንውየለት፣ አዲስ ጫማ እንደሚለካ ሰው ቀስ ብሎ። እጁንም ወደ ላይ አነሣ። "ደህና ናት። ግን ወደ ላይ ማለት ምን ማለት ነው?"

"ምንም ማለት አይደለም። ጅራት ነው አልኩህ እኮ። ጅራት ትርጉም የለውም።"

ዳኛው አመስግኖ ሄደ። ይባቤም አጥንቱን አስቀምጦ ሌላ አነሣ። ነገሩን በዚያው ረሳው።

አንጓች የተያዘችው ጥጥ ስትፈትል ነው። ጓንጉል የሚባለው ጅራት ጠባቂ ከደጃፏ ቆሞ ጭራውን እያወዛወዘ "ምን ወደ ውጭ?" አላት። "ፈተልኩ" አለች፤ ሳሉ መጣ። እጇ ወደ በሩ ተዘርግቶ ነበር። ሳሉ ግን ረዘመ፤ ጓንጉልም የሚቀጥለው ቤት ይጠብቀው ነበርና ጅራቱን ሳይሰማ ይዟት ሄደ።

ወሬው ይባቤ ጋ ሲደርስ ብዙም አልደነገጠም። ምንውየለት ወዳጁ ነው፤ ሄጄ አንድ ቃል ብናገር ይበቃል አለ። ችሎት የሚዋለው ከከተማው ዳር ባለው ሰፊ ግቢ፣ ከትልቁ ወርካ ሥር ነው። ጅራቱን ከሰጠ ወዲህ እዚያ ደርሶ አያውቅም። ገና ከአጥሩ ውጭ ሳለ የዳኛው ድምፅ ተሰማው። "ፈረድኩ ወደ ላይ። ፈረድኩ ወደ ላይ።" አንዱ ሳያልቅ ሌላው ይከተላል፤ እህል እንደሚወቃ ሰው ድምፅ ልክ የያዘ ነው። ይባቤ ፈገግ አለ። እንዴት አፋቸው ላይ ገብታለች አለ በልቡ። ከሰጠኋቸው ጅራቶች ሁሉ ይህቺ ሳታምር አትቀርም ብሎ በቅሎውን አስሮ ገባ።

መጀመሪያ ያየው አንድ ጫማ ነው። መሬት ላይ ወድቋል። ማን ጣለው ብሎ ቀና ሲል የጫማውን ባለቤት አየ።

ከሱ ቀጥሎ ሌላ እግር ነበር። ከዚያ ወዲያ ሌላ። ወርካው እስከ ጫፉ ድረስ ከቅጠሉ ጋር ሌላ ነገር አንጠልጥሏል። ከሁሉ ዝቅ ብሎ ያለው ንጉሡ የሸለሙት አናጢ ነው፤ ሽልማቱ እስካሁን አንገቱ ላይ አለ፣ ከገመዱ ጋር ተጠላልፏል። ለሚስቱ "ወንበሩን ገጠምኩት" ብሎ ጅራቱን ረስቶ ኖሯል።

ይባቤ ክው ብሎ ቀረ። ጅራቱን የሰጠ ቀን የጋጠው አጥንት አፉ ውስጥ ያለ መሰለውና ምራቁን ተፋ።

ወረፋ የሚጠብቁት ከወርካው ግንድ ጥግ ተደርድረው ተቀምጠዋል። ከፊት ያለችው እህቱ ናት። እንዝርቷን አልቀሟትም፤ ጭኗ ላይ አድርጋ ትፈትላለች።

"ምንውየለት" አለ ይባቤ ከዳኛው ፊት ደርሶ። ድምፁ የራሱ አልመስል አለው። "ይህ ምንድን ነው?"

"እንኳን ደህና መጡ አለቃ" አለ ዳኛው ተነሥቶ። "የሰጡን ጅራት በጣም ጠቀመን። ንጉሡ ትናንት 'ከአገሬ ሁሉ ፈጣን ዳኞቼ ናቸው' ብለው አመሰገኑን።"

"ትርጉም የለውም ብዬህ ነበር እኮ። ምንም ማለት አይደለም ብዬህ ነበር።"

"ብለውኛል። እኛም በዚሁ ተቸግረን ሰነበትን። ትርጉም የሌለው ነገር ሕግ ውስጥ አይገባማ። 'ወደ ላይ' ብለን ቀና ስንል ያለው ወርካው ነው።" ይህን የተናገረው ክፋት በሌለው፣ ሥራውን በሚያከብር ሰው ድምፅ ነው። ይባቤን ከሁሉ በላይ ያስደነገጠውም ይህ ድምፅ ነው፤ የራሱን ድምፅ ይመስላል።

"እህቴን ልቀቅልኝ።"

"እርስዎ የሰጡንን ሕግ ለእርስዎ እህት ብለን ብናጥፈው ሰው ምን ይለናል?"

ይባቤ ወደ እህቱ አየ። አንጓች ቀና አላለችም። ክሩ እንዳይበጠስባት ትጠነቀቃለች።

"ጅራቱን የሰጠሁህ እኔ አይደለሁም?"

"እርስዎ ነዎት።"

"መልሼ መውሰድስ እችላለሁ?"

ዳኛው ከጎኑ ወደቆመው ወደ ጓንጉል አየ፤ ጓንጉልም ትከሻውን ሰበቀ። "የግስ ነገር የእርስዎ ነው" አለ ዳኛው። "እርስዎ የቀጠሉትን እርስዎ መንቀል ይችላሉ።"

"እንግዲያው ነቅዬዋለሁ። ከአሁን ጀምሮ 'ፈረድኩ' ብቻ ነው የምትሉት። ምንም አይከተለውም። ፍረዱ።"

ሰዉ ሁሉ ከቃሉ በኋላ የሚመጣውን ሲጠብቅ የሚመጣ ነገር ጠፋ። ጅራት የሌለው ግስ በጆሯቸው ከሰሙ ቆይተዋል።

"ጅራት ቆረጡ" አለ ጓንጉል፤ ቀስ ብሎ ነው ያለው፣ እሱም አላመነም። ሁለት ጠባቂዎች መጥተው ከይባቤ ግራና ቀኝ ቆሙ። አልነኩትም፤ ሊቀ ግስ እንዴት እንደሚያዝ የሚያውቅ የለም። ጅራቱ ግን ተነቅሏልና ዳኛው ለሕጉ ታዘዘ። አንጓችን ጠራት።

ምንውየለት ከፊቱ የቆመችውን ሴት ሲያይ ግራ ገባው። ጅራቱ እያለ ነገሩ ቀላል ነበር፤ "ፈረድኩ" ሲል ጅራቱ ጎትቶ ይወስደው ነበር። አሁን ከ"ፈረድኩ" በፊት አንድ ነገር መኖር እንዳለበት ትዝ አለው፤ ምን እንደሆነ ግን ብዙ አሰበ።

"እ... ምን አደረጉ እማማ?" አላት በመጨረሻ።

"ፈተልኩ" አለች አንጓች። እጇን ዘረጋች። ሳሉ መጣ።

ሳለች። ጎንበስ ብላ፣ እንዝርቷን ደረቷ ላይ ይዛ ሳለች። ያ ግቢ እንደዚያ ቀን ያለ ረጅም ነገር ሰምቶ አያውቅም። ዳኛው የሚያስቸኩለው ነገር ስላልነበረው ጠበቃት። ከወረፋው አንዱ ውሃ አቀበላት፤ ጠጣች፣ እንደገና ሳለች፣ ደረቷን አሸችና ቀና አለች።

"ወደ ውጭ" አለች። እጇ አሁንም ወደ በሩ እንደተዘረጋ ነው።



"አልተቆረጠማ" አለ ምንውየለት፣ የዓረፍተ ነገርን መጨረሻ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማ ያህል ተደንቆ። "ዘገየ እንጂ አልተቆረጠም። ይሂዱ እማማ።"

አንጓች አልሄደችም። "ና እንሂድ ይባቤ" አለችው።

ይባቤ ጋቢውን አውልቆ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገላት። "አንቺ ቅደሚ እትዬ። ውጭ ነፋስ አለ።"

"አንተስ?"

"እመጣለሁ።"

ፊቱን አየችው። ልጅ ሆኖ ሲዋሽ የሚታወቅበትን ነገር ፈለገች፤ አላገኘችም። እያሳላት በበሩ ወጣች።

"አለቃ ይባቤ" አለ ዳኛው። ድምፁ ይለምናል። "እርስዎስ ምን አደረጉ?"

ሰዉ ሁሉ ወደ ፊት አዘነበለ። ሁለት ቃል ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ጓንጉል ራሱ በጭራው ወደ በሩ ይጠቁመዋል፤ በሉ፣ አሁንም አልረፈደም፣ እንጠብቃለን የሚል ይመስላል። አገሩን በሙሉ ያቺን ጅራት ያስለመደ ሰው ጅራቷን አያጣትም ብለው ነው። ይባቤ ግን በሩን አላየም። ቀና ብሎ ወርካውን ከታች እስከ ላይ አየው፤ አናጢውን አየው።

"ይህን ሁሉ እኔ ሠራሁት" አለ።

"ጅራቱስ?" አለ ዳኛው።

"የለውም። ሠራሁት።"

ምንውየለት ከንፈሩን ነከሰ። "ፈረድኩ" አለ፤ አዲሱ ሕግ እንደሚለው እዚያው ላይ ቆመ። ከዚያ ወዲያ አንዲት ቃል አልጨመረም፤ መጨመርም አልፈለገም፣ ይህን ያዩት ሁሉ ይመሰክሩለታል። እጁ ግን ለምዷል። "ፈረድኩ" ባለ ቁጥር ሲነሣ የኖረ እጅ ነው፤ አሁንም ማንም ሳያዘው ቀስ ብሎ ወደ ላይ ተነሣ። ዳኛው የገዛ እጁን እንደ ሌላ ሰው እጅ ቀና ብሎ አየው። ሊያወርደው ሲል ጠባቂዎቹ አይተውታል። እነሱ የዳኛውን አፍ ካዩ ብዙ ጊዜ ሆኗቸው ነበር፤ የሚያዩት እጁን ነው።

አንጓች ከበሩ ማዶ ጋቢውን ተከናንባ ቆማ ጠበቀችው። በሩ ሲከፈት አንገቷን አስግጋ ወደ ግቢው አየች። የሚወጣውን ሰው ሁሉ ፊት ፊቱን እየፈለገች ብዙ ቆየች። ወንድሟን የምትፈልገው በሰው ቁመት ልክ ነበርና ቀና አላለችም።

ተረቱ ይኸው ነው። ጅራት አልቀጠልንለትም፤ የሰማ እንደሰማው ይያዘው።